በሁለት ሰዓት እነሣለሁ

ከአስመራ አዲስ አበባ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ አውሮፕላንም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እነግራችኋለሁ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወጣትነቴ ዘመን በነበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ይህን ከማንም አልተማርኩም፤ ራሴ ለክቼ፣ ራሴ አካፍዬ ነው ያገኘሁት። ዕድሜዬ ሰማንያን ተሻግሯል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል። ጭንቅላቴ ግን እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ የምነግራችሁን ስታነቡ «ሽማግሌው ረስቶ ይሆናል» እንዳትሉ። አንዲት ቃል አልረሳሁም። መርሳት ብችል ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ማባዛትና ማካፈል የተማርኩት ጨርቅ ስቆርጥ ነው። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ቡታጅራ ከመስጊዱ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ክፍል የስፌት መኪናዬን ተክዬ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት። በከተማው ከእኔ የተሻለ ኮት የሚሰፋ አልነበረም። ይህን የምለው ስለ ራሴ ማውራት ስለምወድ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን ኮት የሰፋሁለት መምህር ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሲሄድ፣ ጥጉ የተቀደደ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ትቶልኝ ሄደ። ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በግርጌው አንድ ሳንቲ ሜትር ሃያ ኪሎ ሜትር መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነበረው። ያችን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። በሁለት ከተሞች ላይ ሁለት መርፌ እሰካለሁ፤ በመካከላቸው ክር እወጥራለሁ፤ ክሩን በልብስ ሜትሬ እለካለሁ። መንገድ ይጠማዘዛል፣ ክር አይጠማዘዝም። አውሮፕላን የሚሄደው ደግሞ በክሩ ላይ ነው። የአውሮፕላን ፍጥነት ከአንድ መጽሔት ላይ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ሰው ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ «በድሩ፣ ከጅማ ጎንደር በአየር ስንት ነው?» ይለኛል። ሻይ ሳይበርድ እነግረዋለሁ። ስሜም «በድሩ ካርታው» ሆነ። አውሮፕላን ከመሬት ሲነሣ አይቼ ግን አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን አወል የሚባል ጓደኛዬ ጉድ ሆነ። አወል ከቆሼ ገበያ በርበሬ እየጫነ የሚነግድ፣ ሳቅ የማይጠፋበት ሰው ነው። ለንግድ ድሬዳዋ ሊሄድ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። ትኬቱ ላይ «7» ይላል። እሱ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሰባት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። አውሮፕላኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሄዷል። ቡታጅራ ሲመለስ ያልሳቀበት አልነበረም።

«አወል፣ አውሮፕላኑ ከመሄዱ በፊት አልጠራህም?»

«ጠርቶኝ ነበር፤ በፈረንጅ አፍ ስለጠራኝ አልሰማሁትም» ይላቸው ነበር።

ሌላው ሲስቅ እኔ ነገሩን መረመርኩ። ፈረንጅ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። አውሮፕላን በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ የትኬቱ ቁጥር ከስድስት ከበለጠ ስድስት ቀንስ፤ ካነሰ ስድስት ጨምር። ይህን በትልቁ ጽፌ ከካርታው ጎን ለጠፍኩት። ለወንድሜ ለሸምሱም በደብዳቤ ጻፍኩለት፤ እሱ አስመራ ይነግድ ነበርና አንድ ቀን ይጠቅመዋል ብዬ።

አሁን ስለ ሸምሱ ልንገራችሁ። ታናሼ ነው። ነገሩ ከሆነበት ጊዜ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ አባታችን ሰው ፊት በጥፊ መቱት። ጥፋቱ ትንሽ ነበር፤ የአደራ በቅሎ ሳያስፈቅድ ጋልቦ ነው። ሸምሱ ግን ጉንጩን ይዞ «እስክትሞት ድረስ ፊትህን አላይም!» አለ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ቀላል ነገር አይደለም። አፍ ያወጣውን ምድር ትሰማለች ይባላል። በማግስቱ ሄደ። ለእኔ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለእናታችን ሻሽ ይልካል፤ አባታችንን ግን በስም አያነሣቸውም ነበር።

አባቴ ታመሙ። ሰውነታቸው ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ሄደ። አንድ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፤

«በድሩ፣ ያ ልጅ የተናገረው ቃል እንዳይጸናበት እፈራለሁ። እኔ አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱም ፊቴን አይቶ አውፍ ይበለኝ። ነፍሴ ብትቀድመው እንኳ ፊቴን ሳያይ አፈር አታልብሱኝ። ሰማህ?»

«ሰማሁ አባባ።»

ያንኑ ቀን ወደ አስመራ «አባባ ታመዋል፣ ስምህን ይጠራሉ» የሚል ቴሌግራም አስላክሁ። መልሱ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ ሱቄ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ቴሌግራም ላይ ማንም ቃል አያበዛም። የጻፈው ይኸው ነው፦ «ማክሰኞ በ2 ሰዓት በአውሮፕላን እነሣለሁ። አባባን አቆዩልኝ። ሸምሱ።»

«አባባን» ብሏል። ዘጠኝ ዓመት ያልጠራቸውን ሰው ጠራቸው። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የቤታችን በር ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትገባና መጀመሪያ የመካከሉን ምሰሶ ታበራለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች በምሰሶው ትወርዳለች። ቴሌግራሙን አነበብኩላቸው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በጉራጊኛ ነው፤ ቴሌግራሙን ግን እንደተጻፈው በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ያን የመሰለ ፈገግታ ከበሽታቸው ወዲህ አይቼባቸው አላውቅም።

«ሁለት ሰዓት» አሉ፤ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው። «ፀሐይ ይህን ለቃ ወለሉን ስትነካ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይነሣል። ያን ጊዜ እኔም ቀና ብዬ እጠብቀዋለሁ። ሳይመሽ እዚህ ይደርሳል አይደል?»

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! አንባቢዎቼ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈ ነገር ነው፤ ዛሬም እዚህች መስመር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

«አይደለም አባባ» አልኳቸው። «ይኼ የአውሮፕላን ሰዓት ነው። የፈረንጅ ሁለት ሰዓት በእኛ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ። አዲስ አበባ የሚያርፈው በአሥር ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ቡታጅራ የሚመጣ መኪና የለም። እዚህ የሚደርሰው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው።»

«ረቡዕ?» አሉ።

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ ሩቅ ነው፤ ብዙ ጨመርክብኝ በድሩ» አሉ። ከዚያ ጋደም አሉ። ፊታቸውን ከበሩ አዙረው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ የሱብሒ አዛን ገና ተሰምቶ ሳያበቃ፣ አባቴ አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ጠዋት ግቢያችን በሰው ሞላ። አጎቴ ሼህ ኑሩ የመስጊዱ ኢማም ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ሽማግሌዎቹን በእንሰቱ ጥግ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

«ቀብር ማፋጠን ነው ደንባችን። ነገር ግን ሟቹ ተናግሯል፤ ልጁም በመንገድ ላይ ነው። እስከ አስር ሶላት ብንጠብቅ ሐጢአት የለብንም። ከዚያ ወዲያ ግን አላሳድረውም። በድሩ፣ ልጁ ዛሬ ከአስር በፊት ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ይኼን ብቻ ንገረን።»

አስር ሶላት ማለት የከሰዓት በኋላው ሶላት ነው፤ ዘጠኝ ተኩል ገደማ። ያን ሁሉ ሽማግሌ፣ ያን ሁሉ ጥምጥም፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባሁት ልብስ ሰፊ የአባቴን ቀብር ሰዓት ልወስን ነው። ሐዘን ላይ ሆኜ እንኳ ደረቴ ነፋ አለ፤ ይህን ካልተናገርኩ ውሸታም ነኝ።

ሱቅ ሄጄ ካርታውን ከግድግዳው አወረድኩና አመጣሁት። ሰሌን ላይ ዘረጋሁት። አስመራ ላይ መርፌ፣ አዲስ አበባ ላይ መርፌ። ክር ወጠርኩ። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወጣሁ። ያ ሜትር ከአንድ ሰዓት በፊት የአባቴን ከፈን፣ መግነዛቸውን የለካሁበት ነው።

«ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር» አልኩ። «ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር። በእኛ ስምንት ሰዓት ይነሣል፣ በአሥር ከሃያ ያርፋል። ዛሬ አይደርስም።»

«ስምንት ሰዓት ከየት መጣ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ቴሌግራሙ ሁለት አላለም እንዴ? ሁለት ማለት ሁለት ነው።»

«የአውሮፕላን ሁለት ነው።»

አወል ከኋላ ተነሣ። «በድሩ እውነቱን ነው!» አለ። «እኔን አይታችሁኛል እኮ። ሰባት ብሎኝ በአንድ ሰዓት ጥሎኝ ሄደ። አውሮፕላን በእኛ ሰዓት አይታመንም።»

ይህን ጊዜ እናቴ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን በአገጯ አስራለች፣ ዓይኗ አብጧል። ሴቶች በሽማግሌዎች ጉባኤ መሐል እንዲህ አይገቡም፤ እሷ ግን ገባች።

«ሸምሱ የጻፈው ለአባቱ ነው» አለች። «ለአባቱ ሲጽፍ የአባቱን ሰዓት ነው የሚጽፈው። ልጄን አውቀዋለሁ። ሁለት ካለ ሁለት ነው።»

«እማ፣ ሸምሱን ወልደሽዋል፤ አውሮፕላኑን ግን አልወለድሽውም» አልኳት።

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። አወልማ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ያዘ። በአባቴ ለቅሶ ላይ፣ በእናቴ ፊት፣ ቀልድ ቀለድኩ። እናቴ ካርታውን አየችው፤ ክሩን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እሺ» አለች። «አንተ ተምረሃል።»

ሼህ ኑሩ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። «ካልደረሰ አልደረሰም» አሉ በመጨረሻ። «አላህ ያውቃል። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራለን።»

ከፈኑ ከመታሰሩ በፊት የአባቴ ፊት ተገለጠ። ዘመድ አዝማድ እየገባ አየ። እናቴ መጨረሻ ገባች። ብዙ ቆየች። አጎቴ «ይብቃሽ» ሲሏት፣ «ትንሽ ልጨምር። ለሸምሱም ልይለት» አለች።

ቀበርናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ የወረድኩት፣ በእጄ የተቀበልኳቸው፣ በቀኝ ጎናቸው ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ከመቃብር ስንመለስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዓቴን አይቼ «አሁን ሸምሱ ከአስመራ ተነሣ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው እንዲሰማልኝ።

ዳሱ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ሙአዚኑ ለአስር ሶላት «አላሁ አክበር» ብሎ ሲጀምር ከአዲስ አበባ በኩል አቧራ ተነሣ። አንድ ላንድሮቨር ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ፀጉሩ በአቧራ የነጣ፣ ረጅም ሰው ወረደ። ያሰፋው ኮት ትከሻው ላይ በደንብ አልተቀመጠም፤ መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ወንድሜ መሆኑን አወቅኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ፤ እየተጣደፈ፣ ዳሱን እያየ፣ ያየውን ግን ሳይቀበል። «አባባ ከቤት ውስጥ ናቸው? ደረስኩ አይደል? ሾፌሩን ምሳ እንኳ ሳላበላ ነው ያስነዳሁት። ደረስኩ አይደል በድሩ?»

ሼህ ኑሩ ተነሥተው አቀፉት። «ሱብሒ ላይ» አሉት በጆሮው።

ከእቅፋቸው ወጣና፣ «እሺ» አለ፤ «እሺ። ፊታቸውን ልይ። ገና አልወጡም አይደል? ፊታቸውን ልይና...»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ጠዋት የነፋው ደረቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ቀበርናቸው» አልኩ። «ከዙህር በኋላ። በስምንት ሰዓት ነው የሚነሣው ብዬ... አንተ በስምንት አይደለም እንዴ የተነሣኸው?»

ሸምሱ አየኝ። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና የትኬቱን ቁራጭ አወጣ። ቁጥሩን አነበብኩት፤ «8» ይላል።

«ትኬቱ ስምንት ይላል» አለ። «የፈረንጅ ስምንት። አንተ በደብዳቤ ‹ከስድስት ከበለጠ ስድስት ቀንስ› ብለህ አላስተማርከኝም? ቀነስኩ። ሁለት ሆነ። ለአባባ ስለሆነ፣ በአባባ ሰዓት ጻፍኩ። አንተ እንዳትቸገር ብዬ እኮ ነው የቀነስኩት!»

ገባችሁ? ስምንቱን እሱ ሁለት አደረገው፤ እኔ ሁለቱን መልሼ ስምንት አደረግሁት። እሱ ያደረገው እኔ ባስተማርኩት ነው። ከመላው ቡታጅራ አንድ ማንበብ የማይችል ሰው ያንን ቴሌግራም ቢያስነብብ ኖሮ በትክክል ይረዳው ነበር። እናቴ ተረድታዋለች። አባቴ ተረድተውታል፤ ምሰሶውን በመዳፋቸው መትተው ነግረውኛል። ያልተረዳሁት አዋቂው እኔ ነኝ። ደግሞ ልንገራችሁ፦ የአየሩን ኪሎ ሜትር አልተሳሳትኩም፤ የበረራውን ጊዜም አልተሳሳትኩም። ስሌቴን ከእኛ ሁለት ሰዓት ብጀምር ኖሮ፣ በአራት ከሃያ አርፎ፣ አምስት ሰዓት በመኪና ተጉዞ ከአስር ሶላት ጋር ይገናኝ ነበር፤ ወንድሜም የደረሰው ልክ በዚያው ሰዓት ነው። የተሳሳትኩት ሜትርና ክር በማይለኩት ነገር ነው። ወንድሜ በማን ሰዓት እንደሚቆጥር አልጠየቅኩም።

ወደ መቃብሩ ወሰድኩት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሸምሱ ጫማውን አወለቀና ቆመ።

«ፊታቸው በየት በኩል ነው?»

አሳየሁት። በዚያ በኩል ዞሮ ተንበረከከ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ፤ ፊቱን ከአፈሩ ጋር አገጣጠመ። አዲሱ ኮት ጭቃ ሆነ። ብዙ ነገር ተናገረ፤ የሰማሁት ግን «አውፍ በለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ደጋግሞ አለው።

ላጽናናው ብዬ «እሳቸው አውፍ ብለውሃል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩት።

ቀና ሳይል ጠየቀኝ። «ሌላ ምን አሉ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ያን ቀን አንድ ጊዜ በእርግጠኝነት ተሳስቼ ስለነበር ሁለተኛ አልደፈርኩም። «‹ፊቴን ሳያይ አፈር አታልብሱኝ› ብለው ነበር» አልኩት።

ከአፈሩ ላይ ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ! በደረቱ ላይ ያለውን ጭቃ በእጁ እየጠረገ፣ «እስክትሞት ብዬ ነበር የማልኩት» አለ፤ «ከሞቱ በኋላ እንኳ አላየኋቸውም። ከማልኩት በላይ ሆነብኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቆጣ፣ ልክ ልጆች ሳለን ሲያደንቀኝ እንደሚለው፣ «በድሩ፣ አንተ መቼም አትሳሳትም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ። ለእናቴ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ለእኔ ግን አንድም አልጻፈም። ዘመን ተለወጠ፤ ጦርነት መጣ፤ ደብዳቤው ተቋረጠ። የት እንደተቀበረ፣ ማን ጉድጓድ እንደወረደለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቱን አላየሁም።

እናቴ በዚያ ቀን ስለሆነው አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ቀኑን ሙሉ «በድሩ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለኝ ነበር፤ ሰዓት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝና፣ በእኔም ትኮራ ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ጠይቃኝ አታውቅም። ምሰሶውን ታያለች፤ ደመና ከሆነ ጎረቤት ትጠይቃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሰዓቴ እጄ ላይ እየቆጠረ፣ ጎረቤት ትጠይቃለች።

ያንን አልቻልኩትም። ዓመት ሳይሞላ እናቴን ለእህቴ ትቼ ወልቂጤ ገባሁ፤ ማንም «ካርታው» ብሎ የማይጠራኝ አገር። እዚያም ስሠራ ከእኔ የተሻለ ሰፊ አልነበረም፤ ይህን ማንም ይመሰክራል። ካርታውን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቼ ወልቂጤ ላይ መርፌ፣ ቡታጅራ ላይ መርፌ ሰካሁ። ክሩ ከሦስት ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አውሮፕላን ቢኖር ሩብ ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። ግን በመካከሉ ዘቢደር ተራራ አለ፤ የመኪና መንገድ የለም። አዲስ አበባ ወጥተህ፣ አድረህ፣ በሌላ በኩል መውረድ አለብህ። ለሰው ስለ መንገዱ አሳብብ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የሩብ ሰዓቱን መንገድ ለመሄድ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ማወቅ ክፉ ነው አልላችሁም። ዛሬም በማወቄ እኮራለሁ፤ ስሞትም እኮራለሁ። ግን የምታውቁትን ነገር ስትናገሩ አንድ ማንበብ የማይችል ሰው «አይመስለኝም» ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀልድ አትቀልዱበት። ዞር በሉና ጠይቁት። ምናልባት ጽሑፉን ባያውቅ እንኳ ጸሐፊውን ያውቀው ይሆናል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት «እናትህ ደክማለች» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ምንም አላሰላሁም። መኪና ላይ ወጣሁ፤ አዲስ አበባ አደርኩ፤ ቡታጅራም ደርሼ በሕይወት አገኘኋት። አጠገቧ መሬት ላይ ተኛሁ። ሲነጋ በሩን ከፈትኩላት። ፀሐይ ገባች። እናቴ ወደ ምሰሶው ዞራ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግን በሞራ ተሸፍኗል፤ ብርሃንና ጨለማ እንኳ አትለይም ነበር።

«በድሩ» አለችኝ።

«አቤት እማ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

ክንዴን አነሣሁ። ሰዓቴን ማየት አቃተኝ፤ እንባ ጋረደኝ። ምሰሶውን አየሁት። ብርሃኑ ወርዶ፣ ወርዶ፣ እግሩን ለቅቆ ነበር።

«ፀሐይ ምሰሶውን ለቃ ወለሉን ነክታለች እማ» አልኳት።

«እንግዲያ ሁለት ሰዓት ነው» አለች።

«አዎ እማ» አልኳት። «ሁለት ሰዓት ነው።»